ቢቢምባፕ፦ ከመደባለቁ በፊት ያለው ሥራ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን፣ ከምሳ በፊት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው "ከሕክምና ወጣ ያለ፣ ቀለል ያለ ነገር አቅርቢልን" ሲለኝ፣ ስለ ምግብ ልናገር አልኩ። ወዲያው ተስማሙ። ከምሳ በፊት ስለ ምግብ የሚያወራ ሰው ነገር እንደማያረዝም ገምተው ይመስለኛል። ርዕሴ ቢቢምባፕ የሚባለው የኮሪያውያን የተደባለቀ ሩዝ ነው። ይሁንና የዚህን ምግብ ታሪክ የተከተለ ሰው መሐል ላይ አንድ ሆስፒታል ያገኛል፤ ስለዚህ ከሕክምና ጨርሼ መውጣት አይሆንልኝም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ለምን ኮሪያ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለሥልጠና እዚያ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ያልሄዳችሁትም አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ "ኮሪያ ሆስፒታል" የምንለውን ታውቃላችሁ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ልጆችና የልጅ ልጆች እዚህ መሐላችን አሉ። ኮሪያ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለችም፤ ምግቧን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ስሙና ሳህኑ

"ቢቢም" ማደባለቅ ማለት ነው፤ "ባፕ" ደግሞ የበሰለ ሩዝ። ባፕ ለእነሱ እንጀራ ለእኛ እንደሆነው ነው። ምግብ በጠቅላላው ባፕ ይባላል። ሰው ሲገናኝ "ባፕ በላህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ እንደ ሰላምታ ይቆጠራል። እኛ "እንጀራ ፍለጋ ሄደ" ስንል ስለ ጤፍ ብቻ እንደማንናገር ሁሉ ማለት ነው።

ሳህኑ ሲቀርብ እንዲህ ነው። ከታች ትኩስ ነጭ ሩዝ አለ። በላዩ አትክልቶቹ ዙሪያውን በየቦታቸው ይደረደራሉ፦ ስፒናች፣ የበቀለ አኩሪ አተር፣ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ እንጉዳይ፣ ዶራጂ የሚሉት ነጭ ሥር፣ ጎሳሪ የሚሉት ቡናማ የፈርን ቡቃያ። መሐል ላይ እንቁላል፣ ከጎን ትንሽ የበሬ ሥጋ። በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይትና ጎቹጃንግ ይጨመርበታል። ጎቹጃንግን በእኛ ቋንቋ ድልህ ብለው ብዙም አልራቅሁም። የተፈጨ በርበሬ፣ የሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት፣ ከፈላ አኩሪ አተር የተዘጋጀ ዱቄት፣ የገብስ ብቅልና ጨው ተለውሶ በእንስራ ውስጥ ለወራት ይብላላል። ስለዚህ ያቃጥላል፣ ይጣፍጣል፣ ትንሽም ይኮመጥጣል።

እስኪቀርብ ድረስ የእኛን በያይነቱ ይመስላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በያይነቱን ስንበላ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዘዋወራለን፤ ምስሩ ምስር፣ ጎመኑ ጎመን እንደሆነ ያልቃል። እነሱ ግን ያን ሁሉ ውበት በማንኪያ ገልብጠው ያምሱታል። አንድም ጉርሻ ከሌላው አይመሳሰልም፤ በአንዱ እንጉዳዩ ይበረታል፣ በአንዱ ሰሊጡ።

ልብ በሉልኝ የምለው ግን ከመደባለቁ በፊት ያለውን ሥራ ነው። እያንዳንዱ አትክልት ለብቻው ነው የሚዘጋጀው። ስፒናቹ ለአፍታ ፈልቶ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከርና ይጨመቃል፤ ከዚያ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በሰሊጥ ዘይት ይታሻል። ካሮቱና ዝኩኒው ጨው ተነስንሶባቸው ለየብቻ ለብ ለብ ይደረጋሉ። እንጉዳዩ በአኩሪ አተር ስጎ ይጠበሳል። ዶራጂው መራራ ስለሆነ ተሰንጥቆ በጨው ይታሽና ይታጠባል። ጎሳሪው ደርቆ የተቀመጠ ስለሆነ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል። የሚሠራው ሰው መጥበሻውን ስድስትና ሰባት ጊዜ ይጠርጋል። ሁሉን ባንድ ድስት ቢከተው ጊዜ ያተርፋል፤ የሚያገኘው ግን ወጥ ነው እንጂ ቢቢምባፕ አይደለም።

ታሪኩ

ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ኮሪያውያን ብዙ ትረካ አላቸው። አንዱ ለሙት አባቶች መታሰቢያ የሚቀርበው ማዕድ ነው ይላል። ሥርዓቱ ሲያበቃ ዘመድ አዝማድ የቀረበውን ተካፍሎ ይበላል፤ ሁሉም ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚደርሰው በአንድ ሳህን ቀላቀለው ይባላል። ሁለተኛው ገበሬውን ያነሳል፦ በደቦ ሥራ ቀን እርሻ ላይ ለእያንዳንዱ ሳህን ማብዛት ስለማይቻል ሁሉም በአንድ ተደባለቀ። ሦስተኛው የዓመቱን የመጨረሻ ሌሊት ያነሳል፤ የተረፈ ምግብ ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገር ባንድ አድርገው ጨረሱት። የነገሥታት ምሳ ነበር የሚሉም አሉ። ሁሉም ትረካዎች ናቸው፤ ማንኛቸውም በሰነድ አልተረጋገጡም።

በጽሑፍ ያለው ደግሞ ይኸውላችሁ። በቻይና ፊደል ሲጻፍ የቆየው ስሙ "ጎልዶንግባን" ነው፤ ልዩ ልዩ ነገር የተሰባሰበበት ሩዝ እንደማለት። "ቢቢምባፕ" የሚለው አጠራር በኮሪያ ፊደል ተጽፎ የምናገኘው "ሲዊጆንሶ" በተባለ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሥራ ነው፤ የጸሐፊው ስም አይታወቅም። በዚያ አሠራር ሩዙ ከሥጋና ከልዩ ልዩ አትክልት ጋር በሰሊጥና በዘይት ይደባለቃል፤ በላዩ በቀጭኑ የተቆረጠ እንቁላልና ድብልብል ሥጋ ይደረግበታል፤ ከጎኑ ሾርባ ይቀርባል። ዛሬ ያለ እሱ አይሆንም የምንለው ቀዩ ድልህ ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ነገሩ አያስገርምም። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሪያ የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው። ዪ ሱግዋንግ የተባለው ምሁር በ1614 "ጂቦንግ ዩሶል" በተሰኘው መጽሐፉ ይጠቅሰዋል። ወደ እኛም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰብ ያቅተናል፤ እነሱም ያለ ጎቹጃንግ እንደዚያው። የሁለታችንም "የጥንት የጠዋት" የምንለው ጣዕም ከኮሎምበስ ወዲህ የመጣ ነው።

ከተማ ሁሉ የራሱ ነው

በጣም የታወቀው የጆንጁ ከተማ ቢቢምባፕ ነው። ጆንጁ በደቡብ ምዕራብ ኮሪያ፣ በአገሪቱ ሰፊ የሩዝ ሜዳ አጠገብ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። የጆሶን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን ከዚያ ይቆጥራሉ። ሩዙ በሥጋ መረቅ ይበስላል፤ የበቀለው አኩሪ አተር የግድ ነው፤ ከማሾ የሚሠራ ቢጫ የረጋ ጄሊ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜም ጥሬ የበሬ ሥጋ አለበት። ሳህኑ ሙቀት የሚይዝ የናስ ሳህን ነው። ዩኔስኮ ጆንጁን በ2012 የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ መዝግቧታል።

ጂንጁ የምትባለው ሌላዋ ከተማ የራሷን "የአበባ ሩዝ" ትለዋለች። በእሷም ጥሬ ሥጋ አለ፤ ከጎኑ ከበሬ ደም የሚሠራ ሾርባ ይቀርባል። የከተማው ሰው ታሪኩን ከ1592 እና 1593 የጃፓን ወረራ ከበባ ጋር ያያይዘዋል። የአንዶንግ ቢቢምባፕ ደግሞ "የውሸት ተዝካር" እንደማለት ያለ ስም አለው። የሙታን መታሰቢያ ማዕድ የሚጥማቸው ሰዎች ሥርዓቱ ሳይኖር ምግቡን ብቻ ሠሩት ይባላል። ለመታሰቢያ ማዕድ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ስለማይገባ፣ የሚደባለቀው በጎቹጃንግ ሳይሆን በአኩሪ አተር ስጎ ነው። በተራራ ላይ ባሉ የቡድሃ ገዳማት አካባቢ የዱር ቅጠልና ሥር ብቻ ያለበት ይበላል። የገዳሙ ወጥ ቤት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ነጭ ሽንኩርትንና የሽንኩርት ዘመዶችን ሁሉ አያስገባም። ጾም ለለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ማዕድ ማጣጣም አይከብድም።

በድንጋይ ድስት የሚቀርበው፣ "ዶልሶት" የሚሉት፣ ምግብ ቤቶች በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ያስፋፉት ነው። ድስቱ እሳት ላይ ከርሞ፣ ታቹ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ሩዙ እዚያው ፊታችሁ ይንጫጫል፤ ከሥር ያለው ጠብሶ ይንኮሻኮሻል። ያን የጠበሰውን በማንኪያ ፈልፍሎ ማውጣት ከዋናው ምግብ ባልተናነሰ ይወደዳል። የማቃጠል ክፍል ለምትሠሩ ባልደረቦቼ አንድ ማስታወሻ፦ ድስቱን ለሕፃን አታስጠጉ።

አበላሉ

ለሥልጠና ሴኡል በቆየሁበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ በባቡር ጆንጁ ወርጄ ነበር። ምግብ ቤቱ ትንሽ ነው፤ ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሳህኑ ሲመጣ ማንኪያ አንስቼ ማማሰል ስጀምር ከእጄ ወሰዱብኝና ሁለቱን ቾፕስቲክ ይዘው ራሳቸው ያደባልቁልኝ ጀመር። በማንኪያ ሲጫኑት ሩዙ ይላቁጣል፤ በቾፕስቲክ ግን ፍሬው ሳይፈርስ ይላወሳል። ድልሁን በአንዴ አልጨመሩትም፤ ትንሽ አድርገው፣ አቅምሰውኝ፣ ፊቴን አይተው ደገሙ። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ጉርሻ ከለመደ አገር ለመጣ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነበር።

ቀለሙም ትርጉም አለው። በኮሪያውያን ልማድ አምስት ቀለሞች አምስት አቅጣጫዎችን ይወክላሉ፦ ሰማያዊና አረንጓዴ ምሥራቅን፣ ነጭ ምዕራብን፣ ቀይ ደቡብን፣ ጥቁር ሰሜንን፣ ቢጫ መሐሉን። የተሟላ ሳህን አምስቱም አሉት። ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። በ2009 አንድ ጃፓናዊ ጋዜጠኛ ይህንኑ ነቅፎ ጽፎ ነበር፤ ሲታይ ያምራል፣ ሲበላ ግን የተዘበራረቀ ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ኮሪያ ውስጥ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ። እኔ ጋዜጠኛው አልበላውም እንጂ ዓይኑ አልተሳሳተም እላለሁ፤ ከተደባለቀ በኋላ በእርግጥ አያምርም። ፍርፍርም እኮ አያምርም። ግን ማን ይተወዋል?

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮሪያ አየር መንገድ ለተሳፋሪዎቹ ቢቢምባፕ ያቀርባል፤ ድልሁ በትንሽ ቱቦ፣ አሠራሩ በወረቀት ተጽፎ። ብዙ የውጭ አገር ሰው መጀመሪያ የቀመሰው ደመና ላይ ሆኖ ነው።

ቤት ለመሥራት የሚያስቸግር የለውም። ለአራት ሰው ሁለት ኩባያ ሩዝ ቀቅሉ። ስፒናች ካጣችሁ ቆስጣ ይሆናል፤ ካሮት፣ ዝኩኒና እንጉዳይ ከየሱቁ አለ። ሁሉንም ለየብቻ ሥሩ። ሥጋውን በቀጭኑ ከትፋችሁ በነጭ ሽንኩርት፣ በትንሽ ስኳርና በአኩሪ አተር ስጎ ጥበሱት። የሰሊጥ ዘይቱ ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው፣ ጠቆር ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጎቹጃንግ ካላገኛችሁ ድልህ በትንሽ ማርና በአኩሪ አተር ስጎ ቀጥኖ ይሠራል፤ ያው አይሆንም፣ ግን አያሳፍርም። ለጾም እንቁላሉንና ሥጋውን ትታችሁ እንጉዳዩን አብዙት፤ ማሩንም በስኳር ተኩት።

ጆንጁ፣ 1963

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንምጣ።

በዚያችው በቢቢምባፕ ከተማ በጆንጁ አንድ የቆየ ሆስፒታል አለ። በ1898 ማቲ ኢንጎልድ የተባሉ አሜሪካዊት ሴት ሐኪም ለሴቶችና ለሕፃናት በከፈቱት አነስተኛ ክሊኒክ ተጀምሮ ያደገ ነው። በ1963 አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በከባድ የሆድ ሕመም ወደዚህ ሆስፒታል መጣች። አንጀቷ ተዘግቷል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ፖል ክሬን ሆዷን ሲከፍቱ ያገኙት ወስፋት ነው። ያወጡት ተቆጠረ፤ 1,063። ልጅቷ አልተረፈችም።

ይህ የሆነው ከጦርነቱ ማብቂያ 10 ዓመት በኋላ ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ የተዋጉባት ኮሪያ ይህችው ነበረች፦ የተራበች፣ የፈራረሰች፣ እርሻዋን በሰው ዓይነ ምድር የምታዳብር። ከጥንት ጀምሮ ማዳበሪያቸው እሱ ነበር። የወስፋት እንቁላል ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ ለቅለቅ ቢያደርጉት አይለቅም። በቢቢምባፑ ውስጥ ያለው አትክልት ባብዛኛው ስለሚቀቀልና ስለሚጠበስ እሳቱ ይገድለዋል። ከጎኑ የሚቀርበው ኪምቺና ጥሬው ቅጠል ግን እሳት አያውቅም። መሬት ላይ የሚጫወት ልጅ እጅም እንደዚያው ነው።

የልጅቷ ሞት አደባባይ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1964፣ የኮሪያ የሆድ ጥገኛ ትል ማጥፊያ ማኅበር ተመሠረተ። በ1966 የመከላከያ ሕግ ወጣ። ከ1969 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆች በዓመት 2 ጊዜ የሰገራ ምርመራ እንዲያደርጉ ሆነ። በእኛ ዕድሜ ያሉ ኮሪያውያን ሐኪሞች ይህን ሲያነሱ ይስቃሉ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ኤንቨሎፕ ይሰጠዋል፤ ሰገራውን ይዞ ይመጣል፤ ውጤቱ በክፍል ውስጥ ይነገራል፤ የተገኘበት መምህሩ ፊት ኪኒኑን ይውጣል። ዛሬ ብናስበው የልጆቹን ክብር የሚነካ ነገር ነበረበት፤ ያንን መቅዳት አያስፈልገንም። የሥራውን ጽናት ግን ተመልከቱ።

በ1971 በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት 84.3 በመቶዎቹ ሰገራ ውስጥ የትል እንቁላል ተገኘ። ወስፋት ብቻውን 54.9 በመቶ ነበር። ጥናቱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ተደገመ፦ በ1976 63.2፣ በ1981 41.1፣ በ1986 12.9፣ በ1992 3.8፣ በ1997 2.4 በመቶ። በ1997 የወስፋቱ ድርሻ 0.06 በመቶ ነው። ኪኒን ብቻ አይደለም ይህን ያደረገው። የፋብሪካ ማዳበሪያ የሰውን ዓይነ ምድር ከእርሻ አስወጣው፤ ገጠሩ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ አገኘ፤ ሰዉ ኑሮው ተሻሻለ። ኪኒኑ፣ ማይክሮስኮፑና መጸዳጃው አንድ ላይ ናቸው ውጤቱን ያመጡት። ደግሞም በየዓመቱ ሳይሰለቹ ቆጠሩ።

ጆንጁ ተቀምጬ ጥሬ ቅጠሉን ሳልፈራ የበላሁት በባለቤቲቱ እጅ ንጽሕና ብቻ አይደለም። 30 ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ባቀረቀሩ የላቦራቶሪ ሰዎችም ድካም ነው።

ሐኪም ሳህኑን ሲያየው

ይህን ካልኩ ዘንድ ሌላውንም ባጭሩ ልጨምር። ጎሳሪ የተባለው ፈርን ጥሬውን መርዝ አለው። ጥሬውን የሚግጡ ከብቶች የፊኛ ካንሰር እንደሚይዛቸው ይታወቃል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ጋር መድቦታል። ማድረቁ፣ መዘፍዘፉ፣ መቀቀሉና ውኃውን መድፋቱ አብዛኛውን መርዝ ያስወግዳል። የኮሪያ እናቶች ይህን ያውቁት የነበረው ኬሚስትሪው ከመታወቁ በፊት ነው። የእኛም እናቶች ጓያን ዘፍዝፈው ውኃውን ሲደፉ ምክንያቱ የተለየ አልነበረም።

ጥሬ ሥጋውን በተመለከተ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ጉባኤ መስበክ ከባድ ነው። ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ በእኛ አገር ምን ያህል እንደተለመደ ታውቃላችሁ፤ ለማሻሪያ የሚሆን ዛፍ ጓሯችን አለን። በፕራዚኳንቴል አንድ ጊዜ ታክሞ ይድናል ብሎ መተው ግን በየዓመቱ መልሶ መታከም ነው። እኔ የማዘው በጠበሰ ሥጋ የሚሠራውን ነው፤ ጣዕሙ አይጎድልም። እርጉዝ፣ ትንሽ ልጅ፣ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ከሆነ እንቁላሉም በደንብ የበሰለ ይሁን።

ጨው ሌላው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። ድልሁ፣ ስጎው፣ ኪምቺውና ሾርባው አንድ ላይ ሲቆጠሩ ይህን በቀላሉ ያልፋሉ። ኮሪያ የጨጓራ ካንሰር ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ኤች ፓይሎሪና ጨው የበዛበት አመጋገብ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። እነሱ ግን ምግባቸውን አልተዉም። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየ2 ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ እንዲያገኝ አደረጉ፤ ስለዚህ በሽታው ቶሎ ይያዛል፤ ከታማሚዎቹ ከ10 ከ7 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ስኳርና ግፊት ላለባችሁ፣ በእኛ ዕድሜ ጥቂት አይደለንም፣ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሩዙን ቀንሱ፣ አትክልቱን አብዙ፣ ድልሁ ለብቻው ይቅረብና በሻይ ማንኪያ እየጨመራችሁ ቅመሱ።

ወደ እኛ ስንመለስ

ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው።

በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት ይታደላል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ልጁ ኪኒኑን ውጦ የሚመለሰው መጸዳጃ ወደሌለበት ሰፈር ከሆነ፣ በወራት ውስጥ መልሶ ይያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ የሚለማው ሰላጣና ጎመን በምን ውኃ እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሆድ ሕመም ይዞት የመጣን ልጅ እናክመዋለን፤ ስንቶቻችን ነን ግን ከስድስት ወር በኋላ ሰገራውን ደግመን ያየን?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፓራሲቶሎጂ ትምህርት ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ እንዳይሆን፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ስላይድ አዘጋጅቶ፣ እንቁላል ቆጥሮ፣ መዝግቦ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ካሉት አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይያዝ። በዓመት 2 ጊዜ፣ የልጆቹን ስም ምሥጢር ጠብቀን፣ ወላጆችን አስፈቅደን እንመርምር፤ የተገኘበትን እናክም፤ የትምህርት ቤቱን መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውኃ እናሟላ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ተመልሰን እንቁጠር። የላቦራቶሪ ሰው፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ ውጭ አገር ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ጓደኛ፣ ሁሉም በማኅበሩ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ በደንብ ጨርሶ ይምጣ፤ የዚያን ጊዜ ማደባለቁ ቀላል ነው።

ሐሳቡን በጽሑፍ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። ለመጀመሪያው ዙር ምርመራ የሚመዘገቡ ካሉ ቅጹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ነው። ኮሚቴው ዛሬ ለምሳ በያይነቱ አዘጋጅቷል፤ ቢቢምባፑን በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከመጀመሪያው ዙር ውጤት ጋር እኔ ራሴ ሠርቼ አመጣለሁ።